አጭር ጥላ

ከሐዲዱ ማዶ፣ ከኦኖሚቺ ዳገት ሥር፣
የኢሶዛኪ ሱቅ አለች፣ ወርዷ ሁለት ክንድ ከስንዝር።
በሯን ሲገፏት ታቃስታለች፤
አዛውንቱ ቀና ሳይሉ፣
«ደግሞ ዛሬ ምን ጎደለሽ?» ይላሉ።

ሌንሴን ከጨርቁ ፈትቼ፣ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩት፤
ሃያ አንድ ሚሊሜትር፣ ከደመወዜ ቆርሼ የገዛሁት።
ቁመቱ አውራ ጣት ቢያክል፣ ዐይኑ ስስታም ነው፤
አንዱን ግድግዳ ሲያሳዩት፣ አራቱንም ካልበላሁ የሚለው።

ፀሐይ ላይ ነው የሚረታው።
ከጎን አንዲት ጨረር ስትገባ፣
ጥቁሩ ሁሉ ይገረጣል፣ ወተት እንደ ነካው ካባ፤
አረንጓዴ ክብ፣ ሐምራዊ ክብ፣ በሰልፍ ይንሳፈፋል፤
የሕዝብ መታጠቢያው ግድግዳ ላይ የተሳለው ተራራ፣
ከነበረዶው ይጠፋል።
ቤቱ ደግሞ በመጪው ወር ይፈርሳል።
መስኮቶቹ ምዕራብ ያያሉ፤ ፀሐይ ቀጠሮ አትሰጥም።

«ከለላ ነው የቸገረኝ፣» አልኩ፣ «ግን ቦርሳዬ ጠባብ ናት፤
እጥር ምጥን ያለች ይስጡኝ፣ ሳትከብደኝ የምሰካት።»

መሳቢያውን ጎተቱት፤ ዝገትና ብናኝ ሸተተ።
ሌንሱ የሞተበት ጥላ ሁሉ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተጎልቷል።

የመጀመሪያው ረጅም፣ ጥልቅ እንደ ጉድጓድ ዳር፤
ገጥሜ በመስኮት አየሁ፣ ማዕዘኑ በጨለማ ሲታጠር።
ከወደቡ ክሬኖች ሁለቱ፣ ከሰማይ ተቀንሰው ቀሩ።
«ይሄ፣» አሉ ሳቅ ብለው፣ «ለአንዲት ወፍ ለሚያደባ፤
ገበያ ሙሉ የሚያይ ዐይን፣ ቀርከሃ ውስጥ አይገባ።»

ሁለተኛው አበባ ነው፤ ባለ አራት ቅጠል፣ የሚያምር፤
የኔ ሌንስ ግን ትኩረት ሲለውጥ፣ አፉም አብሮ የሚዞር።
አበባውም ዞረ አብሮት፣ ቅጠሉ ጥጉ ላይ ቆመ፤
ተመልሶ መሳቢያው ውስጥ፣ እንዳማረበት ተጋደመ።

ሦስተኛው ጎማ ነው፤ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣
ይባል ነበር። እጄ ላይ ፍርፍር አለ።
ሚስታቸው ቶኪኮ ከጓዳ፣
«ያንን ጣለው ብዬህ አልነበር? ስንት ዓመቱ!»
እሳቸው አልሰሙም፤ ወይም አልሰሙም መሰሉ።

አዲስም አለ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ፤
ዋጋው የሁለት ሳምንት ምሳ። እጄን ሰበሰብኩ።

ከሁሉ በታች፣ ከጥጉ፣ አንድ የናስ ቀለበት ወጣ፤
ቀለሙ የተላጠ፣ ቀጭን፣
ጠርዙ እንደ ልጅ ጥርስ ወጣ ገባ፣ በሞረድ የተበላ።

«የኩራሺጌ ነው፣» አሉ። «ትኬት ቆራጭ ነበር።
የጣቢያ ማረፊያ ክፍል ያነሳል፤ አግዳሚ፣ ምድጃ፣ ሰዓት፤
ማዕዘኑ በጠቆረበት ቁጥር፣ ሌሊት ተነስቶ ይሞርዳት።
አንድ ክር፣ ደግሞ አንድ ክር፣
ነግቶ ያነሳል፣ ፊልሙን ያጥባል፣ ይጠቁራል፣ እንደገና ያንን ግር ግር።
ሚስቱስ ጥላው ሄደች፤
ጥላው ግን አጠረች እንጂ፣ ከሌንሱ መች ተለየች።»

ገጠምኩት። ጭል ያለ ድምፅ ሰጠ።
ክሬኖቹ ተመለሱ፣ ሁሉም በየቦታቸው፤
የማዶውን ሰው የምታሻግር ጀልባም በግራ ጥግ፣ ከነጭሷ።
ፀሐይ ግን በቀኝ በኩል፣ በቀጭኑ ሾለከች።
«ሙሉ አትከልልም፣» አልኳቸው።
«ሰፊ የሚያይ፣» አሉ፣ «ሙሉ ጥላ የለውም።
የጎደለውን በእጅሽ።»
መዳፋቸውን ከሌንሱ በላይ ዘረጉ፣
መርከብ እንደሚጠብቅ ሰው።

ስምንት መቶ የን። በጋዜጣ ጠቀለሉልኝ።

ሐሙስ ዕለት ገንዳው ደርቆ፣ ቧንቧዎቹ ተፈትተው ነበር።
ሠራተኞቹ ሻይ እስኪጠጡ ጊዜ ሰጡኝ።
ቀኝ እጄ ካሜራው ላይ፣ ግራዬ ከአናቱ፣
ተራራውን አነሳሁት፤ ጥቁሩ እንደ ጠቆረ፣ በረዶው እንደ ነጣ።

በአንዷ ምስል፣ ከላይ በግራ፣
የጣቴ ጫፍ ገብታለች፤
ደብዛዛ፣ ጠቆር ያለች፣ ከተራራው አናት ላይ እንደ ቆመ ደመና።
ቆርጬ ልጥላት ነበር።
ሞረዱን አሰብኩና ተውኳት።